ስለ ከባድ ተሳቢና ስለሚጎትተው መኪና አመራረጥ

ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ፒክአፕ ወይም አገር አቋራጭ መኪና ሊገዛ የሚወድ ሰው፣ በየገበያውም በየጋራዡም እንደሚሰማው፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ ስንት የፈረስ ጕልበት አለው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ የመኪናውን ጕልበት አግንኖ ይነግረዋል፤ ገዢውም የሰማውን ቍጥር በልቡ ይዞ ገንዘቡን ይከፍላል። ይህ ጥያቄ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ፊተኛ ሊሆን የማይገባው መሆኑን፣ ዳገቱን የሚያወጣው ኀይል ቍልቍለቱን ከሚይዘው ኀይል፣ የሚጎትተውም አካል ከሚሸከመው አካል ተነጥሎ ሊመዘን የማይችል መሆኑን ማስረዳት የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ነው።

መጎተት ብቻውን ምን ያህል ቀላል ነገር እንደ ሆነ ሁለት የታወቁ ትርኢቶች ያስረዳሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በሎስ አንጀለስ ከተማ ወደ ቤተ መዘክር ስትጓዝ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የተዘረጋውን ድልድይ ጎትቶ ያሻገራት ቶዮታ ቱንድራ የተባለ ፒክአፕ ነበር፤ በ2016 ደግሞ ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ ስፖርት የተባለ መካከለኛ መኪና በስዊዘርላንድ ከ100 ቶን በላይ የሚመዝን ባቡር በሐዲድ ላይ ጎትቷል። ሁለቱም ሥራዎች እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በመንገድ ላይ እንዲጎተት የፈቀዱት ክብደት ለቱንድራው 5 ቶን የማይሞላ፣ ለዲስከቨሪ ስፖርቱም 2.5 ቶን ብቻ ነበር። ድልድዩም ሐዲዱም ደልዳላ፣ ጕዞውም ዝግ ያለ ስለ ነበረ፣ መኪናዎቹ የታገሉት ከመንኰራኵር መንከባለል ጋር እንጂ ከዳገትና ከነፋስ፣ ከጠመዝማዛና ከድንገተኛ ማቆም ጋር አልነበረም። አንድ መኪና ምን ሊያንቀሳቅስ ይችላል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ያንቀሳቀሰውን በሰላም መርቶና አቁሞ ለዓመታት ሳይሰበር ሊኖር መቻሉ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በፋብሪካ መዝገብ የተጻፈውም ቍጥር የሚመሰክረው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ክብደትን አስቀድሞ ስለ መቍጠር

ምርጫ የሚጀምረው ከተሳቢው ነው። የሚጎተተው ምንድን ነው? የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያዘዋውረው ጄኔሬተርና ኮምፕሬሰር ነውን? የገበሬዎች ማኅበር በመኸር ጊዜ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚወስደው የእህል መውቂያ መሣሪያ ነውን? ወይስ በባሕር ማዶ የሚኖር ወገናችን ለኑሮው የሚያሠራው መኪና ጫኝ ተሳቢ ነው? ጠጣር ዕቃ አንድ ጊዜ በሚገባ ከታሰረ በስፍራው ይጸናል፤ ውሃ ግን በእያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ከመመዘኑም በላይ፣ ማጠራቀሚያው በግማሽ ብቻ የተሞላና ውስጡ ያልተከፋፈለ ከሆነ፣ ፍሬን በተያዘና መሪ በዞረ ቍጥር ከዳር እስከ ዳር እየተላተመ መኪናውን ከኋላ ይገፋል። ስለዚህ የክብደቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የክብደቱም ጠባይ ይመረመራል።

ከዚህ በኋላ በመኪናው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍና በመምሪያው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፈው የሚገኙትን አኃዞች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የመኪናው ባዶ ክብደት ነው፤ ሁለተኛው መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኖ ሊመዝን የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ሦስተኛው ሊጎትተው የሚፈቀድለት የተሳቢ ክብደት ነው፤ አራተኛው መኪናውና ተሳቢው በአንድነት ሊመዝኑ የሚፈቀድላቸው የጥምር ክብደት ነው፤ አምስተኛው የየአክስሉ ወሰን ነው፤ ስድስተኛው ተሳቢው በመጎተቻው ላይ ቍልቍል የሚያሳርፈው ጫና ነው። ከእነዚህ ከስድስቱ በማስታወቂያ የሚነገረው ሦስተኛው ብቻ ሲሆን፣ ገዢውን የሚያስተው ግን አራተኛው ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ፒክአፕ ባዶውን 2,200 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ተጭኖ እስከ 3,100 ኪሎ እንዲደርስ፣ እስከ 3,500 ኪሎም እንዲጎትት ተፈቅዶለታል፤ የጥምር ክብደቱ ወሰን ግን 5,900 ኪሎ ነው። ባለቤቱ 3,500 ኪሎ የሚመዝነውን ተሳቢ ካሰረ፣ ከ5,900 ላይ ለመኪናው የሚቀርለት 2,400 ኪሎ ነው፤ ይህም ማለት 900 ኪሎ ሊጭን ይችላል የተባለው መኪና አሁን ሊጭን የሚችለው ሹፌሩን ጨምሮ 200 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎችና አንድ የመፍቻ ሣጥን ይህን ይጨርሱታል። ለመጫን የተሰጠው ቍጥርና ለመጎተት የተሰጠው ቍጥር እያንዳንዳቸው እውነት ሆነው ሳሉ፣ በአንድነት ግን ሊፈጸሙ የማይችሉ መሆናቸውን ብዙ ገዢ የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው። በወንጌል ግንብ ሊሠራ ያሰበው ሰው ወጪውን አስቀድሞ እንዲያሰላ የተመከረው ምክር ለዚህም ሥራ የተገባ ነው።

በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ጫና ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በአሜሪካ ልማድ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ በአውሮፓ የሚፈቀደው ከዚህ ያነሰ ሲሆን፣ የተሳቢ ፍጥነትም በሕግ ዝቅ ይላል፤ በጀርመን አገር ለምሳሌ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አያልፍም። አሥር በመቶውን ብንወስድ፣ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 350 ኪሎ ያሳርፋል። መጎተቻው ግን ከኋላ አክስል በስተኋላ ርቆ ስለሚገኝ፣ ጫናው በዚያ ልክ ብቻ አይቆምም፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.1 ሜትር ርቀት ያለው መኪና መጎተቻው ከኋላ አክስል በ1.2 ሜትር ቢርቅ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው ተጨማሪ ክብደት 485 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ የፊተኛውም አክስል 135 ኪሎ ያህል ይቀልላል። መሪውን የሚታዘዙትና የፍሬኑን ታላቅ ድርሻ የሚወስዱት የፊት ጎማዎች ስለ ሆኑ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ መኪና ለዐይን የማያምር ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ የማይሰማ ነው። ይህን ጫና ወደ ፊተኛው አክስል የሚመልሱ ልዩ የብረት ዘንጎች ያሉት መጎተቻ የሚገኝ ሲሆን፣ የመኪናው ፋብሪካ የፈቀደው እንደ ሆነ ለከባድ ተሳቢ መልካም ረዳት ነው።

ስለ ሞተርና ስለ ከፍታ

የሞተር ኀይል በሁለት ቍጥር ይነገራል፤ አንደኛው የመጠምዘዝ ኀይል፣ ማለት ቶርክ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፈረስ ጕልበት ነው። ቶርክ ጭነቱን ከቆመበት ያስነሣል፤ የፈረስ ጕልበት ደግሞ ዳገቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣው ይወስናል። ከባድ ተሳቢ የሚጎትት ሰው የሚሻው ቶርኩ በሞተሩ ዝቅተኛ ዙር ላይ የሚገኝለትን ሞተር ነው፤ ናፍጣ ከቤንዚን ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመረጠበትም ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

በአገራችን ገጠር የታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሰባ ተከታታይ ታሪክ የነገሩን አካሄድ በሚገባ ያሳያል። ይህ መኪና በ1984 ተሠርቶ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለብዙ ዘመን ያገለገለው 4.2 ሊትር የሚይዝ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር 285 ኒውተን ሜትር ቶርክና 130 ገደማ የፈረስ ጕልበት ይሰጣል፤ በ2007 የመጣው ባለ ቱርቦው 4.5 ሊትር ሞተር 430 ይሰጣል፤ በኋላ በስፍራው የተተካው 2.8 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ደግሞ 500 ይሰጣል። የመጨረሻው ሞተር በይዘት ከሁሉ አንሶ ሳለ በኀይል የበረታው ቱርቦ አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባለት ነው።

ለእኛ ለደጋው ነዋሪዎች ይህ የአየር ጕዳይ ዐቢይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በእርሷና በመሰሎቿ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም አየሩ በሳሳ መጠን ኀይሉን ያጣል። እስቲ እናስላ፤ መኪናና ተሳቢ በአንድነት 6 ቶን ሆነው 7 በመቶ የሆነውን ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሊወጡ ቢፈልጉ፣ የምድርን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 92 ያህል የፈረስ ጕልበት በጎማው ላይ ያስፈልጋል፤ የነፋሱና የጎማው መከላከል ከዚህ በላይ ነው። በባሕር ወለል 130 የነበረው የአሮጌው ሞተር ጕልበት በደጋው ላይ ወደ 103 ይወርዳል፤ ከዚያም ላይ ማርሹና ዲፈረንሺያሉ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ሞተሩ አይሞትም፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተተ፣ ከኋላው የተሰለፈውን ተሽከርካሪ ሁሉ እያስጠበቀ ይወጣል። ባለ ቱርቦው ሞተር ይህን ጕድለት አብዛኛውን ይሞላዋል፤ ስለዚህ በደጋ አገር ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ቱርቦ ግድ ነው።

ኀይል ባለበት ሙቀት አለ። ከአፋር ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ መኪና ታችኛውን መንገድ በሐሩር፣ ላይኛውን በሳሳ አየር ስለሚሄድ፣ ራዲያተሩ ከሁለቱም ወገን ይፈተናል። አሜሪካኖች ይህን ለመመዘን በ2008 አንድ የጋራ የመፈተኛ ሥርዓት አውጥተዋል፤ በአሪዞና ግዛት ዴቪስ ዳም በተባለው ስፍራ ያለውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዳገት፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሆኖ፣ የውስጥ ማቀዝቀዣው በሙሉ ኀይሉ እየሠራ፣ መኪናው ሙሉ ተሳቢውን ይዞ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ እንዲወጣው ይጠይቃል፤ በ12 በመቶ ዳገትም ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደጋግሞ እንዲነሣ፣ በእጅ ፍሬኑም ተይዞ እንዲቆም ያዝዛል። ቶዮታ ይህን ሥርዓት ለ2011 ቱንድራ ቀድሞ ሲቀበል የመኪናው የመጎተት ቍጥር ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ታየ፤ ሌሎቹ ታላላቅ ፋብሪካዎች እስኪከተሉት ግን ዓመታት አለፉ። ከዚህም የምንማረው፣ በጋራ ሥርዓት ያልተፈተነ ቍጥር የፋብሪካው ምስክርነት ብቻ መሆኑን ነው።

ስለ ማርሽ

ሞተር የወለደውን ኀይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ማርሹ ስለ ሆነ፣ የሞተሩን ቍጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ብቻ አንብቧል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የቶዮታ ሃይሉክስ 2.8 ሊትር ሞተር ነው፤ በ2020 በተሻሻለው ዐይነት አውቶማቲክ ማርሽ ሲኖረው 500 ኒውተን ሜትር፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ሲኖረው ግን 420 ብቻ እንዲሰጥ ሆኖ ተሠርቷል።

በእጅ የሚቀየረው ማርሽ በቀላሉ የሚጠገንና በቍልቍለት ጊዜ ለሹፌሩ ፈቃድ የሚታዘዝ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ተሳቢ ይዞ በዳገት ላይ ደጋግሞ መነሣት ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል። አውቶማቲኩ በዘይት አማካይነት ስለሚነሣ ቶርኩን በመነሻው ጊዜ አብዝቶ ጭነቱን በእርጋታ ያስነሣል፤ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ለማርሹ ዘይት የተለየ ማቀዝቀዣ ያልተገጠመለትን አውቶማቲክ መኪና ለከባድ ተሳቢ መግዛት ጥበብ አይደለም። አራቱም ጎማዎች በዝቅተኛው የኀይል ማርሽ የሚሠሩበት መሣሪያ፣ ለጭቃና ለአሸዋ ብቻ ሳይሆን፣ ተሳቢን በዳገት ላይ በዝግታ ወደ ኋላ ለመግፋትም እጅግ ይጠቅማል። ሆኖም መካከለኛ ዲፈረንሺያል የሌለውን መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ መንዳት ማስተላለፊያውን ስለሚያጣምም፣ ይህ መሣሪያ ልቅ በሆነ መሬት ላይ ብቻ እንዲያገለግል ይገባል።

ስለ ቍልቍለትና ስለ ፍሬን

ነገሩ ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን፣ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ የሚጠመዘዘውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ መኪና በዳገት ቢደክም ጊዜ እንደሚያጠፋ፣ በቍልቍለት ቢደክም ግን ነፍስ እንደሚያጠፋ ያውቃል። 6 ቶን የሚመዝን ጥምር አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ የሚለቀው ጕልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን 175 ሊትር ያህል ውሃ ከቤት ሙቀት እስከ መፍላት ያደርሰዋል። ይህ ሙቀት ወዴት ይሂድ? ሹፌሩ እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ የሚወርድ ከሆነ፣ ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። በተለምዶ የሚገኘው ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል፤ በፈላም ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ይወርዳል።

ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ሞተሩ እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ቍልቍለቱ ሳይጀመር ማርሽን ዝቅ በማድረግ ይፈጸማል። በዚህ ረገድ ይዘቱ ሰፊ የሆነው አሮጌ ሞተር ከትንሹ ባለ ቱርቦ ሞተር ይልቅ ይይዛል፤ ታላላቆቹ የአሜሪካ የናፍጣ ፒክአፖች ደግሞ ጭሱን በመውጫው አፍነው ሞተሩን የሚያከብዱበት የሞተር ፍሬን አላቸው፤ ለከባድ ሥራ ከሚያስመርጣቸው ነገር አንዱና ምናልባትም ዋናው ይህ ነው።

ተሳቢው ራሱም ፍሬን ሊኖረው ይገባል። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ ሁሉ የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በግፊቱ የሚሠራው የፍሬን ዐይነት የሚፈቀደው ደግሞ እስከ 3,500 ኪሎ ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚበዛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፍሬን ነው፤ ብልጫውም ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ለይቶ ሊይዝ መቻሉ ነው። ተሳቢው ከመጎተቻው ቢላቀቅ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ የሚያደርግ መሣሪያና በመስቀል ቅርጽ የተጠላለፉ ሁለት ሰንሰለቶችም ሊጐድሉ አይገባም። ፍሬን የሌለውን የሁለት ቶን ጄኔሬተር በፒክአፕ አስሮ ሸለቆ መውረድ፣ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ በሌላው ሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስም፣ ከብቱን የሚነዳ እረኛም አለና።

ስለ ቁመናና ስለ መወዛወዝ

ለከባድ ተሳቢ የሚመረጠው መኪና በሻንሲ ላይ የተገነባው ነው ይባል ነበር፤ ይህ ፍርድ ዛሬ በከፊል ተሻሽሏል። በ2020 የወጣው አዲሱ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ያለ ሻንሲ፣ በአንድ ወጥ የአሉሚኒየም አካል ተሠርቶ ሳለ፣ እንደ ሻንሲ ባለቤቶቹ 3,500 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ሆኖም በጥርጊያ መንገድ ዓመት ከዓመት ተሳቢ ለሚጎትት፣ ሻንሲው ቢሰነጠቅ በየከተማው የሚበየድለት መሆኑ፣ ባሌስትራውም በየትኛውም ጋራዥ የሚጨመርለት መሆኑ ታላቅ ጥቅም ነው። ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን ቁመት ያስተካክላል እንጂ በሕግ የተወሰነለትን ክብደት እንደማይጨምር ግን መዘንጋት አይገባም።

የተሳቢ መወዛወዝ ብዙ ጥምሮችን ገልብጧል። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያደላ ተሳቢው የመኪናውን ጭራ ከጎን ወደ ጎን መምታት ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምርም ምቱ ይበረታል። ይህን የሚከላከሉት የተሳቢው ጭነት 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ በስተፊት መሆኑ፣ በመኪናው ሁለት አክስሎች መካከል ያለው ርቀት ረጅም መሆኑ፣ ከኋላ አክስል እስከ መጎተቻው ያለውም ርቀት አጭር መሆኑ ነው። ሱዙኪ ጂምኒን የመሰለ፣ በአክስሎቹ መካከል 2.25 ሜትር ብቻ ያለው አገር አቋራጭ፣ በጭቃ ውስጥ እጅግ ብርቱ ሆኖ ሳለ እስከ 1,300 ኪሎ ብቻ እንዲጎትት የተፈቀደለት በሞተሩ ማነስ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱና በክብደቱም ማነስ ነው። መወዛወዝ ከጀመረ መሪን በኀይል መመለስ ወይም ነዳጅ መጨመር ጥፋት ነው፤ ነዳጁን ለቅቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ለመያዝ የሚቻል ከሆነም መያዝ ይገባል።

ለምርጫ ስለሚቀርቡት መኪናዎች

መኪናዎቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን መካከለኞቹ ፒክአፖች ናቸው፤ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲ ማክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና መሰሎቻቸው። በአውስትራሊያና በአውሮፓ ገበያ ብዙዎቹ እስከ 3,500 ኪሎ እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል፤ የዲ ማክሱ 3 ሊትር ሞተር 450፣ የሬንጀሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 3 ሊትር ሞተር 600 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ቀድሞ የተመለከትነው የጥምር ክብደት ሒሳብ የሚያጠብባቸው እነዚህን ነው፤ ራሳቸው 2 ቶን ጥቂት ብቻ አልፈው 3.5 ቶን የሚጎትቱ መኪናዎች ከራሳቸው የሚበልጥ ሎሌ የያዙ ናቸውና። ተሳቢው ከ2.5 ቶን የማያልፍ ከሆነ ግን ከእነርሱ የሚሻል ብልህ ምርጫ አይገኝም፤ ዋጋቸው መጠነኛ፣ መለዋወጫቸውም በብዛት የሚገኝ ነው።

ሁለተኛው ወገን ታላላቆቹ አገር አቋራጮች ናቸው። በ2021 የወጣው ላንድ ክሩዘር 300 በናፍጣ ሞተሩ 700 ኒውተን ሜትር፣ ኒሳን ፓትሮል በ5.6 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ 560 ይሰጣሉ፤ እነርሱም በወሰን 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ። ቍጥሩ ከመካከለኞቹ ፒክአፖች ጋር አንድ ቢሆንም፣ 2.5 ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ስለ ሆኑ ተሳቢውን በተሻለ ጽናት ይገዙታል። የቀድሞው ሰባ ተከታታይ ፒክአፕም በሻንሲው ጥንካሬና በጥገናው ቀላልነት ከዚህ ወገን ይቈጠራል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተሩ ግን በደጋ ላይ ምን እንደሚያጐድል ከላይ አይተናል።

ሦስተኛው ወገን የአሜሪካ ፒክአፖች ናቸው። ፎርድ ኤፍ 150 በሚገባ ሲሰናዳ ከ6 ቶን በላይ ይጎትታል፤ ራም 3500 በከሚንስ ሞተሩ እስከ 1,458፣ የፎርድ ሱፐር ዲዩቲ ዐይነቶች በብርቱው የናፍጣ ሞተራቸው ከ1,600 በላይ ኒውተን ሜትር ይሰጣሉ፤ ከኋላ ድርብ ጎማ ያለው ኤፍ 450 መጎተቻው በጭነት ሣጥኑ ውስጥ በኋላው አክስል ላይ ሲተከል 18 ቶን ያህል ይጎትታል። መጎተቻው በአክስሉ ላይ መሆኑ የቀደመውን የጫና መንሻፈፍ ስለሚያስቀር፣ ከ5 ቶን በላይ ለሚጎትት ሰው ይህ ዐይነት መያያዣ ከሁሉ ይበልጣል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የጥምሩ የተፈቀደ ክብደት 11.8 ቶን ያህል፣ ማለት 26,001 ፓውንድ ሲደርስና ተሳቢው ከ10,000 ፓውንድ ሲበልጥ፣ ለንግድ ሥራ የሚነዳ ሰው የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለአገራችን ግን እነዚህ መኪናዎች ሰፊ መንገድና በቅርብ የሚገኝ መለዋወጫ የሚሹ ስለ ሆኑ፣ ታላላቆቹ አገር አቋራጮች የማይበቁት ጭነት ያለው ሰው ወደ ቀላል የጭነት መኪና ቢመለከት ይሻለዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና

እንደ እኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይህን ክፍል የሩቅ ወሬ እንዳይሆን አድርጎታል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ኀይሉን አይቀንሰውም፤ ቶርኩንም ከመነሻው ይሰጣል፤ በቍልቍለትም ጕልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ ፍሬኑን ያሳርፋል። ለደጋ አገር ከዚህ የሚስማማ ጠባይ የለም። ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ 5 ቶን ያህል እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ጕድለቱ በርቀት ነው፤ ከባድና ረጅም ተሳቢ ሲታሰር አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ የሚሄደው መንገድ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በተራራ ጫፍ ላይ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ሞልቶ ቍልቍለት የሚጀምር ሹፌርም ባትሪው የሚመለሰውን ጕልበት የሚቀበልበት ስፍራ እንደማይኖረው ማወቅ አለበት። በከተማና በአካባቢዋ ለሚሠራ የኤሌክትሪኩ መኪና ዛሬውኑ የተገባ ነው፤ ክፍለ ሀገር ለሚያቋርጥ ግን በመንገዱ ላይ የመሙያ ጣቢያ እስኪበዛ ድረስ ናፍጣው ይቀድማል።

ስለ አሮጌ መኪና ግዢ

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ከሥሩ ይመልከት። ሻንሲው በመጎተቻው አጠገብና በኋላ ባሌስትራው መያዣ ላይ ተበይዶ እንደ ሆነ፣ የማርሹ ዘይት የተቃጠለ ሽታ እንዳለው፣ ራዲያተሩ ዝገት እንደ ያዘ፣ ዲፈረንሺያሉ እንደሚጮኽ ይመርምር። በጎማው ጎን የተጻፈውንም ቍጥር ያንብብ፤ 112 የሚል ምልክት ያለው ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 121 የሚለው 1,450 ኪሎ ይሸከማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ አክስል 660 ኪሎ ይሆናል። መጎተቻውም በማንኛውም ጋራዥ ከተገኘ ብረት የተበየደ ሳይሆን፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበትና በሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ ይሁን።

ብያኔ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። የጥምሩ ዐቅም ከክፍሎቹ ሁሉ ደካማ በሆነው ይወሰናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ተሳቢው ይመዘን፤ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ከዚያ የጥምር ክብደቱና የኋላው አክስል፣ ከዚያ ቁመናውና መጎተቻው፣ ከዚያ ማርሹና ማቀዝቀዣው ይመርመር፤ የሞተሩ ጕልበት በመጨረሻ ይጠየቅ። ከተፈቀደውም ወሰን ቢያንስ አምስተኛው እጅ ሳይነካ ይቅር፤ 3,500 ኪሎ የተፈቀደለት መኪና 2,800 ኪሎ ይጎትት። በደጋና በሸለቆ አገር ለሚኖር፣ ተሳቢው እስከ 2.5 ቶን ለሆነ ሰው ባለ ቱርቦው መካከለኛ ፒክአፕ ይበቃዋል፤ ከዚያ እስከ 2.8 ቶን ላለው ታላቁ አገር አቋራጭ ይገባዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው የጭነት መኪና ሥራ ነው። መኪና ለመግዛት የተነሣህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ሻጩ ከመሄድህ በፊት ተሳቢህን ሙሉ ጭነቱን እንደ ያዘ ወደ ምድር ሚዛን ውሰደውና አስመዝነው፤ ቍጥሩንም በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ ከሻጩም ጋር በእርሱ ተነጋገር።